ልብስን ማወቅና ሰውን ማወቅ፤ ስለ ጥንታውያን ገበያዎችና ስለ ቤተ መዘክሮች አጠባበቅ

ይህ ጽሑፍ በጥንታውያን የሕዝብ ገበያዎችና የሥነ ጥበብ ሥራዎች በሚቀመጡባቸው ቤተ መዘክሮች የሚደረገውን የጥበቃ ዘዴ ለመመርመር የተዘጋጀ ነው። ሁለቱን በአንድነት ማንሣታችን ለአንባቢው እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ገበያ ጫጫታና ግፊያ የሞላበት፥ ዕቃውም ሊሸጥ የመጣበት ስፍራ ነው፤ ቤተ መዘክር ግን ጸጥታ የሰፈነበት፥ ዕቃው እንዳይነካ በመስተዋት የተከለለበትና ከቶ የማይሸጥበት ቤት ነው። ሆኖም ሁለቱም አንድ የጋራ ችግር አለባቸው፤ ይኸውም ሕዝብ እንዲገባባቸው የተሠሩ መሆናቸው ነው። ባንክ የወርቁን ክፍል ለማንም አያሳይም፤ ገበያና ቤተ መዘክር ግን ሰው ካልገባባቸው መኖራቸው ትርጕም የለውም። እንግዲህ በሩን ከፍቶ መጠበቅ እንዴት ይቻላል?

የውጭ አገር ነገር ስንጠቅስ ዘመኑ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ በአገራችን አቈጣጠር የጻፍነውን ግን ዓ.ም. ብለን ለይተነዋል።

በምሳሌነት ብዙ ገበያ መጥቀስ ሲቻል በቅድሚያ የኢስታንቡልን ታላቅ ሽፍን ገበያ መርጠናል፤ ምክንያቱም የጥበቃው ታሪክ ረጅምና ግልጽ ስለ ሆነ ነው። ሱልጣን መሐመድ ዳግማዊ ከተማይቱን በ1453 ከያዘ በኋላ ብዙ ሳይቈይ ቤደስተን የሚባለውን፥ ጕልላት ያለውን የድንጋይ ሕንፃ አሠራ። በዙሪያው መንገዶቹና ሱቆቹ እየተጨመሩ፥ ጣሪያም እየለበሱ፥ በመጨረሻ አንድ ሙሉ ከተማ የሚያህል ገበያ ሆነ። ቤደስተኑ ግድግዳው ወፍራም፥ በሩ ጠንካራ ስለ ነበር ውድ ዕቃ የሚሸጥበት ብቻ ሳይሆን ሰዎች ገንዘባቸውን በዐደራ የሚያኖሩበትም ቤት ነበር። የገበያው በሮች ሲመሽ ይዘጋሉ። ሌሊቱን የሚዞሩትን ዘበኞች የሚቀጥሯቸውና ደመወዛቸውን የሚከፍሏቸው ነጋዴዎቹ ራሳቸው በየማኅበራቸው ነበሩ። ከመሸ በኋላ ለመግባት የሱልጣኑ ትእዛዝ ያስፈልግ ነበር፤ ሌሊት በይፋ ተከፈተ የሚባለውም ሱልጣን አብዱል አዚዝ ከውጭ አገር ጕዞው ሲመለስ በተደረገው የደስታ በዓል ጊዜ ብቻ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ዋናው ጠባቂ በሩ ነው ብለን አናምንም። በገበያው ውስጥ አንድ ዓይነት ንግድ የሚነግዱ ሁሉ በአንድ መንገድ ይቀመጡ ነበር፤ ጌጥ ሠሪው ከጌጥ ሠሪው፥ ጫማ ሰፊው ከጫማ ሰፊው አጠገብ። ይህን አኗኗር ለማስረዳት ለእኛ አገር አንባቢ ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ሸማ ተራ፥ ቆርቆሮ ተራ፥ ምን አለሽ ተራ ማለት ይበቃል። እንዲህ በተራ የተቀመጡ ነጋዴዎች የጎረቤታቸውን ፊት፥ የአሽከሩን ስም፥ ሱቁን በስንት ሰዓት እንደሚከፍት፥ ማን ደንበኛው እንደ ሆነ ያውቃሉ። አንድ ያልታወቀ ሰው የአንዱን ሱቅ ቍልፍ ሲነካካ ቢታይ ከወዲያ ማዶ ያለው «ማነህ?» ይለዋል። ለዚህ ጥበቃ ደመወዝ የሚከፈለው የለም።

የሐረርን ጀጐል የጐበኙ ደግሞ ይህንኑ ነገር በሌላ መልክ ያዩታል። በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች አሉት፤ በሮቹም በድሮ ጊዜ ሌሊት ይዘጉ ነበር። ዛሬ በሮቹ ሌሊት ባይዘጉም ከመካከለኛው ገበያ አጠገብ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ አለ፤ ስሙን ያገኘው በመንገዱ ዳር ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። መኪናውን እየረገጠ ቀኑን ሙሉ በመንገድ ዳር የሚውል ልብስ ሰፊ የሚያየውን ያህል የሚያይ ካሜራ የለም ብንል ያጋነንን አይመስለንም። ካሜራ ያየውን ይመዘግባል እንጂ ነገሩ ያልተለመደ መሆኑን አያውቅም።

ይሁን እንጂ የገበያውን ጠባይ ከመጠን በላይ ማመስገን ተገቢ አይደለም። በ1591 ከኢስታንቡሉ ቤደስተን 30,000 የወርቅ ገንዘብ ተሰረቀ። ከተማይቱ በሙሉ ተሸበረች፤ ገበያው ለሁለት ሳምንት ተዘጋ፤ ብዙ ሰዎችም ተይዘው ተገረፉ፥ ተሠቃዩ። በመጨረሻ ገንዘቡ ከወለል ምንጣፍ ሥር ተሸሽጎ ተገኘ፤ ሌባውም ከገበያው ነጋዴዎች አንዱ፥ ምስክ የሚባለውን ሽቱ የሚሸጥ አንድ ወጣት የፋርስ ሰው ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ሰው የሚያውቀው ሰውም ይሰርቃል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ፥ አንድ ነገር በጠፋ ጊዜ ሁሉን ሰብስቦ ማስጨነቅ በእኛም አገር አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ በሚባለው ሥርዓት ይሠራበት ስለ ነበር የሚያስከትለውን መከራ ሽማግሎቻችን ያውቁታል። ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ አገሩ ሁሉ ከእርሻው ተለይቶ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ሥርዓቱ ሰው ስለ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ለማውጣት ቢጠቅምም ንጹሑንና በደለኛውን በአንድ ላይ የሚቀጣ ነበር።

ገበያን የሚያጠፋው ደግሞ በአብዛኛው ሌባ አይደለም፤ እሳት ነው። የኢስታንቡሉ ገበያ በታሪኩ ብዙ ጊዜ ተቃጥሏል፤ በ1954 በተነሣው እሳት ከተጐዳ በኋላ እድሳቱ የተፈጸመው በ1959 ነው። በቀድሞው ዘመን በገበያው ውስጥ ትንባሆ ማጨስ ክልክል የነበረውና ብርሃኑም ከጣሪያው መስኮቶች ብቻ ይገባ የነበረው ይህን በመፍራት ነው። የእኛም መርካቶ ከዚህ አላመለጠም። መርካቶ በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ኢጣሊያኖች የአገሩን ተወላጅ ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥተው ወደ ምዕራብ ባዛወሩት ጊዜ የተቈረቈረ ሲሆን፥ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ የተነሣው እሳት ብዙ ሱቆችን አቃጥሏል። በዚያ ጊዜ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከገጠሟቸው ችግሮች አንዱ የመንገዱ ጥበትና መጨናነቅ ነበር። ውኃው በመኪና መጥቶ ሳለ መኪናው የሚያልፍበት መንገድ ሲታጣ የቀረው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው የጥንታዊ ገበያ ጥበቃ እርስ በርሱ የሚቃረነው። በ2016 በታኅሣሥ ወር በበርሊን ከተማ አንድ ሰው በከባድ መኪና የገናን ገበያ ሕዝብ ጨፍልቆ ከገደለ ወዲህ በጀርመን አገር የገናን ገበያዎች በሲሚንቶ ግንድ ማጠር ተለመደ። የአጥሩ ጥቅም በሥነ ፍጥረት ትምህርት በቀላሉ ይገለጣል። የአንድ ተንቀሳቃሽ ነገር ጕልበት ከክብደቱ ጋር እኩል ሲያድግ፥ ከፍጥነቱ ጋር ግን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ያድጋል፤ ስለዚህ የመኪናው ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚመታበት ጕልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ ጕልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከዚህ የተነሣ ዐዋቂዎች ወፍራም ግንድ ከማቆማቸው በፊት መንገዱን ያጠማዝዙታል፤ ጠመዝማዛ መንገድ መኪናውን አስቀድሞ ያዘገየዋልና። የሐረር ጀጐል መተላለፊያዎች ጥበትና ጥምዝ በዚህ በኩል ሲታይ፥ ሠሪዎቹ ስለ መኪና ምንም ሳያስቡ ያቆዩልን መከላከያ ነው።

ነገር ግን በ2024 በታኅሣሥ ወር በማግደቡርግ ከተማ አሮጌው ገበያ በሚባለው አደባባይ የሆነውን እንመልከት። ገበያው በሲሚንቶ ግንድ ታጥሮ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሐኪም ቤት የሚወስደው መኪናና የእሳት አደጋ መኪና እንዲያልፉበት ክፍተት ተትቶ ነበር። ነፍሰ ገዳዩ መኪናውን ያስገባው በዚያው ለነፍስ አድን በተተወው ክፍተት ነው። 6 ሰዎች ሞቱ፤ ከ300 በላይ ቈሰሉ። እንግዲህ ክፍተቱ ባይኖር ኖሮ ሌላ ቀን እሳት ቢነሣ ማን ይገባ ነበር? ስለ መኖሩ ደግሞ ይህ ሆነ። ዛሬ መሐንዲሶች የሚሰጡት መልስ ወደ መሬት የሚሰምጥ የብረት ምሰሶ ወይም ከባድ መኪና በክፍተቱ ላይ አቁሞ ሾፌሩ እንዳይለይ ማድረግ ነው። ሁለቱም መልሶች ወደ አንድ ጥያቄ ይመልሱናል፤ ይኸውም ምሰሶውን የሚያወርደው፥ መኪናውንም የሚያነሣው ሰው ማን ነው? ማንን አይቶ ነው የሚያሳልፈው? የሚል ነው። በር ሁሉ በመጨረሻ ወደ ሰው ይመጣል።

ከዚህ አሁን ወደ ቤተ መዘክር እንለፍ። በቤተ መዘክር የሥራው ጠባይ ይለወጣል፤ ምክንያቱም ሲመሽ ጎረቤት የሚባል የለም። በገበያው ሁሉ ለንብረቱ ሲል የሚያደርገውን እዚህ ጥቂት ደመወዝተኞች ለሌላ ሰው ንብረት ያደርጉታል። የሚሠሩበትን ሁኔታ ለመረዳት ሦስት የታወቁ ስርቆቶችን ጐን ለጐን ማየት በቂ ነው።

የመጀመሪያው በፓሪስ ከተማ በሉቭር የሆነው ነው። ነሐሴ 21 ቀን 1911 ሰኞ ዕለት፥ ቤቱ ለጐብኚ በሚዘጋበት ቀን፥ ቪንቼንሶ ፔሩጃ የተባለ ኢጣሊያዊ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን ሞናሊዛ ከግድግዳ አውርዶ ይዞ ሄደ። ይህ ሰው ቀደም ሲል በዚያው ቤት የሥዕሎችን መከለያ መስተዋት ሲሠራ የነበረ ነው፤ በዚያን ቀንም የሉቭር ሠራተኞች የሚለብሱትን ነጭ ጋውን ለብሶ ነበር። የበለጠ የሚያስደንቀው ግን ሥዕሉ መጥፋቱ የታወቀው በማግሥቱ ማክሰኞ መሆኑ ነው፤ ያውም ባወቀው ሰው ምክንያት እንጂ በጠባቂዎቹ አልነበረም። ሉዊ ቤሩ የሚባል ሠዓሊ ሊሥል መጥቶ ባዶ ግድግዳ ባየ ጊዜ ጠየቀ፤ ጠባቂዎቹም ፎቶግራፍ ሊነሣ ተወስዶ ይሆናል ብለው ነበር። ባዶ ግድግዳ ለሠዓሊው ጥያቄ ሆነበት፤ ለጠባቂዎቹ ግን ምክንያት አገኙለት።

ሁለተኛው በአሜሪካ በቦስተን ከተማ፥ ወይዘሮ ኢዛቤላ ስቱዋርት ጋርድነር በ1903 ለሕዝብ በከፈቱት ቤተ መዘክር የሆነው ነው። መጋቢት 18 ቀን 1990 ከእኩለ ሌሊት በኋላ የፖሊስ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ደወሉን ደውለው፥ ረብሻ አለ ተብለን መጣን አሉ። የበሩ ጠባቂ ከቤቱ ደንብ ውጭ ከፈተላቸው። ከዚያም እርሱን ጥፋተኛ መስለው በማነጋገር፥ ብቸኛው የአደጋ ጊዜ መጥሪያ ካለበት ጠረጴዛ እንዲነሣ አደረጉት፤ ሁለቱንም ጠባቂዎች በካቴና አስረው ምድር ቤት አኖሯቸው። በ81 ደቂቃ ውስጥ 13 ሥራዎች ወሰዱ፤ ከእነዚህም መካከል የቬርሜር «ኮንሰርት» እና ሬምብራንት የባሕር ማዕበልን የሣለበት ሥዕል ይገኙባቸዋል። እንቅስቃሴን የሚያውቁት መሣሪያዎች ሌቦቹ ከየት ወዴት እንደ ሄዱ አንድ በአንድ መዝግበዋል፤ ነገር ግን ድምፁ ከቤቱ ውጭ ወዳለ ወደ ማንም አይደርስም ነበር። ወይዘሮይቱ የቤቱ አቀማመጥ እንዳይለወጥ ተናዘው ስለ ሞቱ ሥዕሎቹ የተቈረጡባቸው ባዶ ክፈፎች በየቦታቸው እንደ ተሰቀሉ ይታያሉ።

ሦስተኛው እንደገና ወደ ሉቭር ይመልሰናል። ጥቅምት 19 ቀን 2025 እሑድ ከጧቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ፥ ቤቱ ለጐብኚ ተከፍቶ ሳለ፥ አራት ሰዎች የቤት ዕቃ ወደ ፎቅ የሚወጣበት ተዘርጊ መሰላል የተጫነበት መኪና ይዘው በሰይን ወንዝ በኩል ቆሙ። ከመካከላቸውም እንደ መንገድ ሠራተኛ ደማቅ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ነበሩ። ወደ አፖሎ አዳራሽ በረንዳ ወጡ፤ በመቍረጫ መኪና መስኮቱንና መስተዋቱን ቈርጠው 88 ሚሊዮን ዩሮ የተገመቱ 8 የነገሥታት ጌጦች ይዘው በሞተር ብስክሌት ሸሹ። የንግሥት ኢዩጄኒን ዘውድ ሲሸሹ ጣሉት። አዳራሹ ውስጥ የቈዩት ከ4 ደቂቃ በታች ነው፤ ጠቅላላው ሥራ 8 ደቂቃ አልሞላም። በዚያ በኩል በውጭ የነበረው አንድ ካሜራ ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዞረ ስለ ነበር በረንዳውን አያይም ነበር። በኋላም ለፈረንሳይ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በቀረበው ምርመራ እንደ ተነገረው፥ ሌቦቹ ጠባቂዎችና ፖሊሶች ሳይደርሱባቸው ያመለጡት በ30 ሰኮንድ ልዩነት ነው።

አንባቢው እንዳስተዋለው በሦስቱም ጊዜ ሌቦቹ የገቡት በልብስ ነው፤ አንዱ በሠራተኛ ጋውን፥ አንዱ በፖሊስ መለዮ፥ አንዱ በቢጫ ሰደርያ። ታላቅ ቤት ልብስን ያውቃል። ሠራተኛው ብዙ ስለ ሆነ፥ ጠባቂውም ስለሚለዋወጥ፥ ፊትን ሁሉ ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ልብስ በፊት ፋንታ ይቆማል። በሸማ ተራ የፖሊስ ልብስ ለብሶ የማይታወቅ ሰው ሌሊት ሱቅ ክፈቱ ቢል ዘበኛው አስቀድሞ የሚጠይቀው የመደበኛውን ፖሊስ ስም ነው። ታላቅ ቤት ይህን ዕውቀት በደንብ መተካት አለበት፤ ይኸውም በበሩ የቆመውን ሰው አላምንም ማለት ሳይሆን፥ በሩን ሳይከፍቱ ወደ ጣቢያው ደውሎ «ሰዎች ልካችኋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በቦስተን በዚያች ሌሊት የጐደለው ይህ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ሆኖም ደንቡ በወረቀት ላይ መኖሩ አልበቃም። ደንብን የሚጠብቅ ዘበኛ በሩን ሳይከፍት ሹም ቢያስቀይም አለቃው እንደሚደግፈው ማወቅ አለበት፤ አለዚያ ደፍሮ አይዘጋም። ይህ ነገር በመሣሪያ መደብር የማይሸጥ ስለ ሆነ ነው መሰለን በበጀት ውስጥ የማይገባው።

ሁለተኛው ነገር ስለ ደቂቃ ነው። ብዙ ሰው ቍልፍ ዕቃን ይጠብቃል ብሎ ያስባል፤ የጥበቃ ዐዋቂዎች ግን ቍልፍ ጊዜን ይገዛል ይላሉ። ማንኛውም በር፥ ማንኛውም መስተዋት በመጨረሻ ይከፈታል፤ ጥያቄው በስንት ደቂቃ ነው የሚል ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል፥ አንድ መስተዋት ለመስበር 3 ደቂቃ የሚፈጅ ቢሆንና ፖሊስ ከተጠራ በኋላ ለመድረስ 6 ደቂቃ ቢያስፈልገው፥ የጐደሉትን 3 ደቂቃዎች በሁለተኛ በር ወይም በብረት መዝጊያ መግዛት ይገባል። ደግሞም ደወሉ መጮኽ ያለበት ሌባው መስተዋቱን መምታት ሲጀምር ሳይሆን መስኮቱን ሲነካ ነው፤ ሳይታወቅ ያለፈ ደቂቃ ለሌባው የተሰጠ ደቂቃ ነውና። በ2025 በሉቭር ጐደለ የተባለው 30 ሰኮንድ ነው። ካሜራው በረንዳውን ቢያይ ኖሮ 30 ሰኮንድ የሚገኝ ይመስለናል። በ1911 በዚያው ቤት አንድ ሙሉ ቀን ማንም ሳያውቅ አልፏል። በቦስተን ደግሞ 81 ደቂቃ አልፎ የመጣ የለም። ስለዚህ አንድ ቤተ መዘክር ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት አንድ ሰው ሰዓት ይዞ ከበሩ እስከ ዕቃው፥ ከፖሊስ ጣቢያውም እስከ በሩ ቢለካ ወጪው የእግር መንገድ ብቻ ነው።

የእሳትም ነገር እንዲሁ በደቂቃ ይቈጠራል። በ2018 በመስከረም ወር በሪዮ ዴ ጃኔሮ የብራዚል ብሔራዊ ቤተ መዘክር ሲቃጠል በአቅራቢያው የነበሩት የውኃ መቅጃዎች ውኃ አልነበራቸውም። ሌባ የሚወስደው አንዱን ወይም ዐሥሩን ነው፤ እሳት ግን መዝገቡን ጭምር ይወስዳል።

መዝገብን ካነሣን ዘንድ ወደ አገራችን መመለሳችን ነው። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤቶቻችን ለማሳየት የተሠሩ ቤተ መዘክሮች ባይሆኑም የአገሪቱ የጥበብ ሥራ አብዛኛው ያለው በእነርሱ ዘንድ ነው፤ በዓል በደረሰ ቍጥር ደግሞ መስቀሉም ዘውዱም በሕዝብ መካከል ይወጣል። የሚጠብቃቸው የገበያው ዓይነት ጥበቃ ነው፤ ገበዙ፥ ካህናቱ፥ የአጥቢያው ሕዝብ ዕቃውንም ሰውንም ያውቃሉ። ይህ ጥበቃ ለብዙ መቶ ዓመት ሠርቷል። የማይሠራው ዕቃው ከአጥቢያው ከወጣ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የገበዙ ዕውቀት አብሮት አይሄድም።

አፍሮ አይገባ የሚባለው የላሊበላ መስቀል በ1997 ተሰርቆ በ2001 በቤልጂክ አገር ከሚኖር የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ወደ ቦታው ተመልሷል። ይህ መስቀል የታወቀ ነው፤ አይቶ የማያውቀው ካህን የለም ለማለት ይቻላል፤ በፎቶግራፍም ታትሟል። ስለዚህ ማንም በገሃድ የእኔ ነው ሊል አይችልም። የጨለቆት ሥላሴ ዘውድ ደግሞ በ1993 ጠፋ፤ ከዚያም በኔዘርላንድ አገር በአንድ ኢትዮጵያዊ ቤት ለ21 ዓመት በጥንቃቄ ተቀምጦ በ2020 ወደ አገሩ ገባ። የዘውዱን ማንነት ለማረጋገጥ ከረዱት ነገሮች አንዱ፥ አንድ ካህን ያንኑ ዘውድ ደፍተው የተነሡት ፎቶግራፍ ነው። ያ ፎቶግራፍ ለጥበቃ ተብሎ የተነሣ አልነበረም።

በመዝገብ ላይ ያለን እምነት ግን መጠን አለው። ፔሩጃ የሞናሊዛን መከለያ መስተዋት ሲያወልቅ የአውራ ጣቱ አሻራ በላዩ ቀርቶ ነበር፤ የፓሪስ ፖሊስም የዚህ ሰው አሻራ በመዝገቡ ውስጥ ነበረው። መዝገቡ የያዘው ግን የቀኝ እጁን አውራ ጣት ሲሆን በመስተዋቱ ላይ የተገኘው የግራው ነበር። ፖሊስ በዚህ ፈንታ ጊዮም አፖሊኔር የተባለውን ባለ ቅኔ አስሮ ፓብሎ ፒካሶን መረመረ፤ ሁለቱም ለፈረንሳይ አገር እንግዶች ነበሩ። በ1591 በኢስታንቡል እንደ ሆነው ሁሉ ማስረጃ ሲታጣ ጥርጣሬ የሚያርፈው በቀረበው ሰው ላይ ነው። ሥዕሉ የተገኘው በታኅሣሥ ወር 1913 ፔሩጃ ራሱ በፍሎሬንስ ሊሸጠው ባቀረበው ጊዜ ነው።

ዕቃን መመዝገብ ከውጭ የመጣ ልማድ ነው የሚሉ አሉ፤ ይህ ትክክል አይደለም። ጥንታውያን ገዳማትና አድባራት የንብረታቸውን ዝርዝር በወንጌላቸው ባዶ ገጾች ላይ ይጽፉ ነበር፤ ወንጌለ ወርቅ የሚባለው መጽሐፍ በብዙ ቦታ የቅዱሳት ንዋያት መዝገብ ጭምር ነበር። ከመጽሐፉ ጋር መዝገቡም ስለሚሰረቅ ዛሬ ይህ ብቻ አይበቃም። የ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል። በ1997 በወጣው ዓለም አቀፍ የዕቃ መለያ ደንብ መሠረት ለአንድ ዕቃ የሚያስፈልገው ፎቶግራፉ፥ ዓይነቱ፥ የተሠራበት ነገር፥ መጠኑ፥ ያለበት ጽሕፈት፥ ልዩ ምልክቱ፥ የሚታወቅ ሲሆን ዘመኑና ሠሪው ነው። ይህ አንድ ገጽ አይሞላም፤ በዓለም ሁሉ ያሉ የጕምሩክና የፖሊስ ሰዎችም በዚሁ መልክ ያነቡታል።

ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ ዋጋ የምንሰጠው ለልዩ ምልክቱ ነው። ሁለት የላስታ መስቀሎች በመጠንና በሥራ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ክንዱ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረው ግን አንዱ ብቻ ነው። ፎቶግራፍ አንሺዎች ዕቃው እንዲያምር ብለው ስብራቱን ወደ ጀርባ ያዞሩታል፤ ለጥበቃ የሚነሣ ፎቶግራፍ ግን ስብራቱን፥ ጥገናውንና የሰም ጠብታውን ወደ ብርሃን ማውጣት አለበት፤ አጠገቡም ማስመሪያ ይቀመጥ። ታቦትን የመሰለ፥ ካህን ካልሆነ በቀር ማየት የማይገባው ነገር በዚህ ሥራ ውስጥ ሊገባ አይገባም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራስዋ በአደባባይ ከምታወጣው መጀመር ይቻላል። ሥራውንም ከከተማ የመጣ እንግዳ ብቻውን ቢሠራው አንቀበለውም፤ ገበዙ ዕቃውን ይያዝ፥ ተማሪው ይለካና ይጻፍ፥ ሁለቱም ይፈርሙ። በአንድ ክረምት ዕረፍት አራት ተማሪዎች አንድ ካሜራና አንድ ሜትር ይዘው የአንድ ደብር ዕቃ ቤት ሊጨርሱ ይችላሉ ብለን እናስባለን።

መዝገቡ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሙሉ ዝርዝሩን ከነሥፍራው የያዘ ወረቀት በሌባ እጅ ቢገባ ከመሰላልና ከመቍረጫ መኪና ይልቅ ይጠቅመዋል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት አንዱ ቅጂ በደብሩ፥ አንዱ በቅርስ መሥሪያ ቤት፥ አንዱ በዩኒቨርሲቲው ይቀመጥ፤ ዕቃው በየትኛው ሣጥን እንዳለና ቍልፉ በማን እጅ እንደ ሆነ ግን በሦስቱም ላይ አይጻፍ።